ከፎቶው ወደ ኋላ፦ አዲስ አበባ ላይ የተክል አኳሪየም ሠርቶ ለዓለም አቀፍ ውድድር ማቅረብ

ለአኳስኬፒንግ፣ ማለትም ተክል፣ ድንጋይና እንጨት አኳሪየም ውስጥ እንደ መልክዓ ምድር አድርጎ ለማስዋብ ጥበብ ውድድር ስትመዘገቡ ዳኛ ቤታችሁ አይመጣም። የሚደርሰው ፎቶ ነው። አኳሪየማችሁ ለወራት ምን ያህል እንዳማረ፣ እንግዳ ሁሉ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንዴት እንዳደነቀው ማንም አይጠይቃችሁም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ ከፎቶው ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው። የትኛው ድንጋይ፣ የትኛው ተክል፣ መቼ መትከል፣ መቼ መከርከም፣ ለሁሉም የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ፎቶ የሚነሳ ቀን ምን ይመስላል?

አዲስ አበባ ላይ መሥራት ብዙዎች እንደሚያስቡት ጉዳት ብቻ የለውም። ከተማችን ቀዝቀዝ ያለች ናት፤ አብዛኛው የውሃ ተክል ደግሞ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ውሃ ደስ ብሎት ያድጋል፣ መስታወትና ቅጠል ላይ የሚጋገረው አልጌም እንደ ሞቃት አገር አያስቸግርም። የሚያስቸግረን የመብራት መጥፋት፣ የውሃ ፈረቃና ከፍታችን ነው። ለሦስቱም መላ አለ።

መጀመሪያ ውድድሩን ምረጡ

ትልቁ ውድድር ጃፓን የሚዘጋጀው አይ.ኤ.ፒ.ኤል.ሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የውሃ ተክሎች ቅንብር ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ። አዘጋጁ ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ የመሠረተው ኤ.ዲ.ኤ (አኳ ዲዛይን አማኖ) የተባለው ድርጅት ነው። አማኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሰውየው ፎቶ አንሺም ነበር፤ ውድድሩ በፎቶ የሚዳኘውም ያለ ምክንያት አይደለም። ለመመዝገብ ክፍያ የለውም፣ አንድ ሰው የሚያቀርበው አንድ ሥራ ነው፣ የአንደኛው ሽልማት ደግሞ 1,000,000 የን ሆኖ ቆይቷል። መዝጊያው በተለምዶ ሜይ 31 ነው። በእኛ ግንቦት 23 ማለት ነው። ደንቡ ሊሻሻል ስለሚችል በየዓመቱ ራሳችሁ አንብቡት።

ስለ ነጥብ አሰጣጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለብዙ ዓመታት ከ100 ነጥብ ውስጥ 50ው የተመደበው ለዓሣው ተስማሚ የተፈጥሮ መኖሪያ ስለመፍጠር ነው። የቀረው 50 ለቴክኒክ ችሎታ፣ ለአዲስነት፣ ለአጠቃላይ ቅንብር፣ ለተፈጥሯዊ ስሜትና ለረጅም ጊዜ መቆየት መቻሉ በ10 በ10 ይከፋፈላል። እንግዲህ ተራራና ጫካ አስመስላችሁ ዓሣው መግቢያ መውጫ ካጣ፣ ግማሹን ነጥብ በገዛ እጃችሁ ጣላችሁት ማለት ነው።

ለጀማሪ ግን እኔ የምመክረው የአሜሪካውን የአኳቲክ ጋርደነርስ አሶሴሽን ውድድር ነው። በመጠን ስለሚከፋፈል ትንሽ አኳሪየም ያለው ሰው ከግዙፎቹ ጋር አይጋጭም። የዳኞቹ አስተያየት ደግሞ ከየሥራው ሥር ይወጣል፤ የሌሎችን ሥራና የተሰጣቸውን ትችት አንድ በአንድ ማንበብ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ባዮቶፕ የሚባልም ዘርፍ አለው። ባዮቶፕ ማለት የአንድን የታወቀ ወንዝ ወይም ሐይቅ ቁራጭ እንዳለ ማሳየት ነው። እስቲ አስቡት፣ በፈጣን ወንዞቻችን ድንጋይ ሥር የሚኖረው ጋራ የሚባለው ትንሽ ዓሣና በአፍሪካ ከኢትዮጵያ እስከ ሴኔጋል የሚበቅለው ቦልቢቲስ የሚባለው የውሃ ፈርን እያሉ የእኛን ወንዝ ከእኛ በላይ ማን ሊሠራው ይችላል? ከዱር ዓሣም ሆነ ተክል ከመሰብሰባችሁ በፊት ግን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቁ።

የቀን አቆጣጠሩ

ግንቦት 23ን ግድግዳ ላይ ጻፉና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፎቶው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ይነሳ፤ የመጨረሻዋን ሳምንት ለመብራት መጥፋትና ለኢንተርኔት ጣጣ ተዉአት። የመጨረሻው ክርከማ ከፎቶው ሦስት ሳምንት በፊት። ውሃ መሙላት ጥር መጨረሻ። ምንጣፍ የሚሠሩትን ተክሎች መትከል ታኅሣሥ መጀመሪያ። ድንጋይና እንጨት መፈለግና መደርደር ጥቅምትና ኅዳር። ረጅም መስሎ ከታያችሁ፣ ሞስ የሚባለው ለስላሳ ትንሽ ተክል እንጨት ላይ ተጣብቆ የዕድሜ መልክ እስኪይዝ የሚፈጀውን ጊዜ ምንም ነገር እንደማያሳጥረው እወቁ።

ገንዳው

60 በ30 በ36 ሳንቲሜትር ምረጡ። ወደ 64 ሊትር ይይዛል፣ 6 ሚሊሜትር መስታወት ይበቃዋል፣ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥም ቦታ አያጣም። መርካቶም ሆነ ሌላ ሰፈር መስታወት የሚቆርጡ ቤቶች በልካችሁ ይቆርጡላችኋል። ጠርዙን እንዲያለሰልሱላችሁ አጥብቃችሁ ንገሯቸው፤ ሻካራ ጠርዝ ፎቶ ላይ ያስታውቃል። ሲሊኮን ስትገዙ ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ውሰዱ፣ ፀረ ሻጋታ ያለበትን የሽንት ቤት ሲሊኮን ግን አትንኩት፣ ዓሣ ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ በረንዳ ላይ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ሥሩ እኩል ካልተደገፈ መስታወት ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ስስ ፎም አንጥፉለት።

ድንጋይ፣ እንጨትና የኋላው ኮረብታ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ተክል ይከረከማል፣ ይነቀላል፣ ይተካል። የድንጋዩ አቀማመጥ ግን ውሃ ከገባ በኋላ አይነካም።

አዲስ አበባ ድንጋይ አያጣም። ጥቁር ድንጋይ በየግንባታው በር ላይ ተቆልሏል፤ አስፈቅዳችሁ መምረጥ ነው። የተጠረበ ኮብልስቶን አትውሰዱ፣ ሰው ሠራሽነቱ ከሩቅ ያስታውቃል። የተሰነጠቀ፣ የተቦረቦረ፣ ዝናብ የመታው ፊት ያለውን ፈልጉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን። ቤት ስትደርሱ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከሠራ ኖራ አለው፣ ውሃውን ያከብደዋል፣ ማለትም ማዕድን ይጨምርበታልና ተዉት። ፑሚስም አይሆንም፣ ይንሳፈፋል።

እንጨት ከፈለጋችሁ የደረቀ የወይራ ወይም የቡና ሥር ግሩም ነው። ጠንካራ ነው፣ ቅርንጫፉም ጠማማና ቀጫጭን ስለሆነ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ይመስላል። ጽድና ባሕር ዛፍ ሙጫና ዘይት አላቸው፣ ይቅሩ። እንጨቱን በትልቅ ድስት ደጋግማችሁ ቀቅሉት፣ ከዚያ እስኪሰጥም ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት። ውሃው ሻይ ቢመስል አትደንግጡ፣ እየለወጣችሁ ሲሄድ ይጠራል።

አሁን ኮረብታው። ፎቶ ጥልቀትን ይገድላል፤ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ምስል ላይ እንደ ወረቀት ይተኛል። መፍትሔው ከፊት ወደ ኋላ ሽቅብ ማውጣት ነው፦ ከፊት ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር፣ ከኋላ ከ12 እስከ 15። ይህን ሁሉ በአፈር ብትሞሉት ይናዳል፣ ከታችም ይበሰብሳል። እኔ የምጠቀመው ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። በደንብ አጥባችሁ በሽንኩርት ከረጢት መረብ ውስጥ ሙሉት፣ አፉን ቋጥሩት፣ ከኋላ በኩል አስተኙት። መረቡ ጠጠሩን ይይዛል፣ ቀዳዳው ውሃ ያሳልፋል፣ ባክቴሪያም ይኖርበታል። ትልልቆቹን ድንጋዮች እዚያ ላይ ተጭናችሁ ስትተክሉ አይንሸራተቱም።

አደራደሩ ላይ ዋናው ድንጋይ ወይም እንጨት መሐል አይሁን። 60 ሳንቲሜትር ላይ ከአንዱ ጫፍ 37 ገደማ ሲሆን ዓይን ያርፍበታል፣ ወርቃማው ምጣኔ የሚባለው ነው። ቁመቱ የገንዳውን ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 24 ሳንቲሜትር ያህል ይድረስ። ጃፓኖቹ ኢዋጉሚ በሚሉት የድንጋይ ብቻ ዘይቤ የድንጋዩ ቁጥር ጎዶሎ ይሆናል፣ ሦስት ወይም አምስት፤ አንዱ ትልቅ ንጉሥ፣ ሌሎቹ ወደ እሱ ያዘነበሉ። የድንጋዮቹ መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ይፍሰስ። ትልልቁን ከፊት፣ ጥቃቅኑን ከኋላ ስታደርጉ ርቀት ይፈጠራል። ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ ነጭ አሸዋ መንገድም እንደዚያው።

በየቀኑ በስልካችሁ ከፊት ለፊት፣ በገንዳው መሐል ቁመት ላይ ሆናችሁ ፎቶ አንሱት። ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩትና እዩት። ዓይናችሁ የት ነው መጀመሪያ የሚሄደው? ዓሣውስ የት ያልፋል? ካልጣማችሁ አፍርሱት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ስታገላብጡ ቤተሰብ ቢታዘባችሁም ግድ የለም፣ ውድድሩ የሚሸነፈውም የሚረታውም እዚህ ነው።

አፈርና ተከላ

የተዘጋጀ የአኳሪየም አፈር ካገኛችሁ እሱን። ካጣችሁ ከእንጦጦ ተዳፋት ዓይነት ቀዩን አፈር ነፍታችሁ፣ ደጋግማችሁ አጥባችሁና አድርቃችሁ 2 ሳንቲሜትር አንጥፉ፣ ላዩን በ3 ሳንቲሜትር የታጠበ አሸዋ ሸፍኑት። ብረት አለው፣ ተክል ይወደዋል። ዋልካ አፈር ግን በፍጹም። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ አንዴ ከደፈረሰ አይጠራም። ፍግም አትጨምሩ።

ምንጣፍ ለሚሠሩት እንደ ሞንቴ ካርሎ ላሉት ተክሎች ውሃ ሳትሞሉ መትከልን እመክራለሁ። አፈሩን እስኪረጥብ ብቻ ታጠጡታላችሁ፣ ተክሉን ቆንጥራችሁ ቆንጥራችሁ በወረንጦ በየ2 ሳንቲሜትሩ ትሰኩታላችሁ፣ አፉን በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ትሸፍኑታላችሁ። ተክሉ ካርቦኑን ከአየር ስለሚያገኝ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋም የሚሞት ዓሣ የለም። የበጋው አየራችን ደረቅ ስለሆነ ፕላስቲኩ በደንብ ይግጠም፤ በቀን ለአሥር ደቂቃ ብቻ ከፍታችሁ አናፍሱት፣ በውሃ መርጫ እርጩት። ሌላ አገር በአራት ሳምንት የሚሸፍነው ተክል በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ስድስት ወይም ስምንት ሊፈጅ ይችላል። ታገሡ።

አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን አፈር ውስጥ አትቅበሩ፣ ግንዳቸው ይበሰብሳል። በትንሽ ሱፐር ግሉ ወይም በክር ከድንጋይና ከእንጨት ጋር አያይዟቸው። ሞስ በጣም በስሱ ይታሰር፤ ወፍራም ሞስ ሥሩ ይበሰብስና ተላቆ ይንሳፈፋል። እንደ ሮታላ ያሉት ረጃጅሞቹ ውሃ ከገባ በኋላ ከኋላ ይተከላሉ።

ውሃው

የመሐል አዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች ሊሆን ይችላል። የጉድጓዱ ውሃ ከግድቡ ይከብዳል። የእናንተ ቧንቧ የትኛውን እንደሚያመጣ ከመገመት የክብደት መለኪያ ጠብታ ገዝታችሁ ለኩት። ክሎሪኑን ለማጥፋት በጀሪካን ክፍቱን ቢያንስ አንድ ቀን ማሳደር ወይም ክሎሪን ማጥፊያ መጠቀም ነው። ለ64 ሊትር ገንዳ ግማሹን ለመለወጥ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃችኋል፣ ስለዚህ ፈረቃው ሲመጣ ሁለቱን ሞልቶ ማስቀመጥ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት የቧንቧ ውሃ በረዶ ነው፤ ከመጨመራችሁ በፊት ትንሽ የፈላ ውሃ ቀላቅሉበት።

ገንዳውን እንደሞላችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ግማሹን ለውጡ። ለዓሣ መርዝ የሆኑት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ዓሣ አይገባም።

ብርሃን፣ ካርቦንና የእኛ ከፍታ

6500 ኬልቪን ገደማ የሆነ ነጭ ኤልኢዲ፣ መጀመሪያ በቀን 6 ሰዓት፣ ተክሉ ሲጠነክር 8 ሰዓት። ከዚያ በላይ አልጌ መጋበዝ ነው። መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። በሰዓት ቆጣሪ ይብራ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ርካሹ መንገድ እርሾ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሁለት ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ውሃ እስከ ትከሻው። ቱቦው መጀመሪያ ወደ ሌላ ትንሽ ጠርሙስ ይግባ፣ ካልሆነ ጠላ መሰሉ ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሳምንት ገደማ ይሠራል። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ይዳከማል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ካርቦን ከፍ ዝቅ ሲል ጥቁር ፂም የሚመስለው አልጌ ድንጋዩን ይወርራል። ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ በየሳምንቱ እያፈራረቃችሁ አድሱ። አቅም ካለ ሲሊንደርና መቆጣጠሪያ ግዙ፤ የእሳት ማጥፊያ የሚሞሉ ሰዎችን ጠይቁ። ካርቦኑ አምፖሉ ከመብራቱ አንድ ሰዓት በፊት ይከፈት፣ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ። ድሮፕ ቼከር የሚባለው መለኪያ አረንጓዴ ሲሆን 30 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ናችሁ። ቢጫ ከሆነ ቀንሱ።

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች የማይነግሯችሁ ነገር ይሄ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 24 ዲግሪ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8.4 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እኛ ጋ 6.3 አካባቢ ነው። ሌላ አገር ዓሣ የሚችለውን የካርቦን መጠን የእኛ ዓሣ ላይችለው ይችላል። ዓሣው ላይ ላይ እየወጣ አፉን ከከፈተ ወዲያው ካርቦኑን ዝጉ። ሌሊት ሌሊት አየር መንፊያ ይሥራ፣ እርሾ ለምትጠቀሙ ደግሞ ግዴታ ነው፣ እርሾ ማብሪያ ማጥፊያ የለውማ። የዓሣውን ቁጥርም ቀንሱ።

መብራት ሲጠፋ ተክሉ ሁለት ቀን ጨለማ ይችላል። የሚያሳስበው ዓሣውና ፊልተሩ ነው። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ይኑራችሁ። ክዳኑ የሚታሸግ ዓይነት ፊልተር ለብዙ ሰዓት ከቆመ፣ መብራት ሲመጣ ከማስነሳታችሁ በፊት ውስጡን በገንዳው ውሃ እጠቡት።

ማዳበሪያ የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስ፣ የፖታሲየምና የጥቃቅን ማዕድናት ድብልቅ፣ ለአኳሪየም የተሠራውን፣ በትንሹ። ዩሪያ የሚያስብ ካለ ይተው፣ ወደ አሞኒያ ተቀይሮ ዓሣውን ይጨርሳል።

ዓሣውና ክርከማው

ትንሽ ዓሣ ገንዳውን ትልቅ ያስመስለዋል። አንድ ዓይነት፣ በቡድን የሚዋኝ ይሁን። ሂተር ካላችሁ ኒዮን ቴትራ ያምራል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ላላችሁ ግን ኋይት ክላውድ የሚባለውን ትንሽ የቻይና ዓሣ ምረጡ፣ 18 ዲግሪ አያስጨንቀውም። አማኖ ሽሪምፕ ከተገኘ ከማንኛውም መድኃኒት የተሻለ አልጌ ያጸዳል።

ረጃጅሞቹን ተክሎች ቶሎ ቶሎ፣ ሳትሳሱ ቁረጡ። በተቆረጡ ቁጥር ሁለት ቅርንጫፍ እያወጡ ጥቅጥቅ ይላሉ። ቅርጻቸውን ኮረብታ አድርጉት፣ ጠፍጣፋ አትቁረጡ። የመጨረሻውን ክርከማ በማስታወሻ ያዙት፤ ሮታላ ከተቆረጠ በኋላ በስንት ቀን ወደምትፈልጉት ቁመት እንደሚደርስ ከቀደሙት ክርከማዎች ታውቁታላችሁ።

ፎቶው

ከሁለት ቀን በፊት ግማሹን ውሃ ለውጡ። መስታወቱን ከውስጥ በካርድ ፍቁት፣ ከውጭ በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። በዕለቱ ካርቦኑን ቀድማችሁ ዝጉ፣ አረፋ ቅጠል ላይ እንዳይከማች። ቱቦ፣ ሂተር፣ ፊልተር፣ ሁሉም ይውጣ። ከኋላ ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ጨርቅ፣ ከጀርባው ተጨማሪ መብራት።

የክፍሉን መብራት ሁሉ አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ጥቁር ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ መስታወት ላይ ያበራል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ መነጽሩ ልክ በገንዳው መሐል ቁመት። ራቅ ብላችሁ በረጅም ሌንስ አንሱ፣ ቀርባችሁ በሰፊው ካነሳችሁ ጠርዞቹ ይጎብጣሉ። ፍጥነት 1/125 ወይም ከዚያ በላይ፣ አፐርቸር ከ5.6 እስከ 8፣ አይ.ኤስ.ኦ 400 ወይም 800። ብርሃኑ ካልበቃ ተጨማሪ መብራት ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱ። ነጭ ሚዛኑን በእጅ አስተካክሉ፣ ካልሆነ አረንጓዴው ሰማያዊ ይሆናል።

አንድ ሰው ይርዳችሁ። የፀጉር ማድረቂያ በቀዝቃዛው አድርጎ ከላይ ውሃውን ይንፋው። ላዩ ሲርገበገብ ብርሃኑ ይፈነጥቃል፣ ውሃ መሆኑም ይታወቃል። ገመዱን ግን በጠንቃቃ እጅ፣ ኤሌክትሪክና ውሃ ነው። ከዚያ ዓሣውን መጠበቅ። ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰብስበው፣ ጎናቸውን አሳይተው፣ ባዶው ቦታ ላይ ሲያልፉ ደጋግማችሁ አንሱ። መቶ ተነስቶ አንድ ይመረጣል። ምርጫውንም በማግሥቱ አድርጉት፣ የዚያን ዕለት ዓይን ሁሉንም ይወዳል።

ምስሉን ማቅናትና ብርሃን በትንሹ ማስተካከል እሺ። ዓሣ መጨመር፣ ቱቦ ማጥፋት፣ ሁለት ፎቶ ማጋጠም ያስወጣል። በውድድሩ ደንብ ካልተፈቀደ በስተቀር ፎቶውን ከውጤቱ በፊት ፌስቡክ ላይ አትልቀቁት። ቅጹ ላይ የገንዳውን ልክ፣ የተክሎቹንና የዓሣዎቹን ሳይንሳዊ ስም ይጠይቋችኋል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደብተር ጻፉት። የሥራው ርዕስ አጭር ይሁን። አማርኛ ስም በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ብትልኩ ደስ ይለኛል።

ገንዳውን አፍርሳችሁ ለቀጣዩ ዓመት ስትዘጋጁ የተረፈውን ተክል ለሚጀምር ሰው ስጡ። የማይሰጠውን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ጣሉት፣ ዓሣውንም ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ዓሣ አጥማጁን ምን እንዳደረገው ሁላችንም አይተናል፤ ከእኛ ባልዲ ሌላ አረም ቀበናም ሆነ አዋሽ መግባት የለበትም።